ናኢፍ «አሯል» ያለው ድንች

ናኢፍ የትራክተር ጠጋኝ ነው። በበቃዓ ሸለቆ፣ ከዛህሌ ከተማ ወረድ ብሎ ባለች መንደር ስልሳ አንድ ዓመት ሲኖር ትዳር አልቀናውም። እናቱ የሞተችው እሱ ገና በሦስት ዓመቱ ነው፤ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ዋዲዓ ናት። እሷም ባሏን ተከትላ ብራዚል ከገባች ሠላሳ ዓመት አለፋት። መጀመሪያ ላይ በየሐምሌው ትመጣ ነበር፤ ኋላ በሁለት ዓመት አንዴ ሆነ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ግን ይኸው ስድስት ዓመት፣ ብቅ አላለችም።

እሑድ እሑድ በመንደሩ ሥጋ የማይጠብስ የለም። ሥጋውንማ ማንም ይጠብሰዋል። የዋዲዓ ድንች ነበር ሰውን የሚያሻማው። እሷ ከሄደች ወዲህ ናኢፍ ፍም ላይ ድንች አስቀምጦ አያውቅም።

በዚህ ሐምሌ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ደወለች። ፊቷ ስልኩን ሞላው።

«ድንቹ ተነቀለ?»

«ከትናንት ወዲያ ጨረሱ፣ እታለም።»

«የዚህ አገር ድንች እኮ ውሃ ነው። በል ተነሥ፣ ከሰል አያይዝ። አንተ ሥራ፣ እኔ ልይ።»

«እኔ? እኔ የማውቀው ግራሶ መቀባት ነው።»

«እሱንም የለመድከው በኩርኩም ነው። ተነሥ ብያለሁ!»

ተነሣ። ጎረቤቱ ኡም ጊያስ በአጥሩ ላይ አንድ እፍኝ ጦስኝ አቀበለችው። ስልኩን ግንቡ ላይ አስደግፎ ሥራ ጀመረ።

«አትላጠው! እጠበው ብቻ። ወፈር ወፈር አርገህ ቁረጥ። ነጭ ሽንኩርቱን ውቀጠው እንጂ።»

ዘይትና ጨው ጨምሮ ከጦስኙ ጋር አሸው፤ በፎይል ጠቀለለው።

«የድንብላሉን ቅጠልስ አሁን ልጨምር?»

«አንተ አህያ! እሱ ሲወጣ ነው። ደግሞ ነበልባሉ ይውደቅ፤ ፍሙ አመድ ይልበስ።»

ነበልባሉ ሲወድቅ ጥቅሉን ፍሙ ላይ አኖረው። ከዚያ ዋዲዓ ቀስ ብላ፣ «ሐኪሙ ረጅም በረራ አይሆንሽም አለኝ» አለች። ናኢፍ ፍሙን ቆሰቆሰ።

ፎይሉን ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን መታው። ቅጠሉን ነሰነሰበት፤ ሎሚ ጨመቀበት።

«ጠጋ አድርገው» አለች ዋዲዓ። እሷም አፍንጫዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች። ናኢፍ ሳቀ።

አንዱን አንሥቶ ጎረሰ። ራሱ ነው። ጠርዙ ጠበስ ያለ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ የሚቀልጥ፤ ትኩሱን በትንፋሿ አብርዳ ታጎርሰው የነበረው፣ ያው ራሱ።

«እህስ?»

ናኢፍ አላመጠ። አላመጠ። «አሯል» አለ።

«ምን?»

«ታቹ አሯል፤ ላዩ ጥሬ ነው። ጨውም አነሰው።»

የዋዲዓ ፊት በራ። «አላልኩም! እኔ ካልመጣሁ መቼም አይሆንልህ!»

«መምጣት ነው ያለብሽ።»

«ለዚያ ሐኪም ነግሬው ነው የምመጣ!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ኡም ጊያስ በአጥሩ እጇን ሰድዳ አንድ አነሣችና ቀመሰች። «አንተ ውሸታም! ይሄ ነው ያረረው?»

«ዝም በይ እባክሽ። ጣፍጧል ካልኳትማ ምን ብላ ትመጣለች?»

ሐምሌ አለፈ፤ መስከረምም አለፈ። ዋዲዓ አልመጣችም። ግን አንድም እሑድ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። እሱም ከሰሉን አቀጣጥሎ ይጠብቃታል። «ዛሬስ?» ትለዋለች። «ዛሬም አሯል» ይላታል። መሥመሩ እስኪቋረጥ ትሰድበዋለች። ከዚያ ብቻውን ተቀምጦ አንዲት ሳያስቀር ይበላዋል፤ የተረፈውን ዘይት በዳቦ ይጠርገዋል።

ኅዳር ላይ የሸለቆው የክረምት ዝናብ ሲገባ ናኢፍ ምድጃውን አንሥቶ ከቤቱ ክፈፍ ሥር አስጠለለው። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላው ነበር ዋዲዓ በዚያ ሰሞን። እስከዚያ የሚበቃ ከሰል ገዝቶ ጓዳ አስገባ።