የዶሪን ጆሮ

እንግሊዝ አገር ባለችው በኪግሊ ከተማ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ በትምህርት ቤታችን ተስሎ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሰው ምስል ካያችሁ ጆሮውን ልብ በሉት። የእናት ይሁን የአጎት፣ የፓኪስታን ሰው ይሁን የአይሪሽ፣ ጆሮው አንድ ነው፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ፣ ቀዳዳው አጠገብ ደግሞ ትንሽ ጥላ ጣል የተደረገበት። የሳሉት ልጆቹ አይደሉም። ዶሪን ሃርግሪቭስ ናት።

አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ በዕድሜ ሃያ ዓመት ትበልጠኛለች። ግን አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ኮሪደር ዓይንና ናጫ ሆነን ስለኖርን ምላሴ አይታዘዝልኝም። እሷ ሥዕል ታስተምራለች፣ እኔ ንድፍና ፎቶግራፍ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሻይዋን እያማሰለች፣ «ማልኮም፣ ፎቶ እኮ አዝራር መጫን ነው፤ ዝንጀሮም ካሠለጠኑት ያነሳል» አለችኝ። «እንግዲያው አንቺም አያቅትሽም» አልኳት። ሰላምታችን እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ በኋላ የጋራችንን የእርሳስ መቅረጫ ክፍሏ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ተማሪዎቼ ለመቅረጽ በሯን እያንኳኩ መለመን ነበረባቸው። እኔ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ሳታንኳኳ በሩን ትከፍታለች፤ ልጅ ሙሉ ጠዋት የለፋበትን ወረቀት ብርሃን ያበላሸዋል። እኔም ዝም አላልኩም። ለስብሰባ ያዘጋጀችውን ብስኩት በልቼ ባዶውን ቆርቆሮ መልሼላታለሁ፤ ዛሬም አይጸጽተኝም።

ዶሪን የልኳንዳ ቤት ልጅ ናት። አባቷ ሥጋ በሚጠቀልልበት ወረቀት ላይ ስትስል አድጋ ሊድስ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባች። እንደተመረቀች ሥራዎቿን ለአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላከች፤ መለሱባት። በዓመቱ ደግማ ላከች፤ አሁንም መለሱባት። ሦስተኛ አልሞከረችም። ለጊዜው ብላ መምህር ሆነች፣ ያ ጊዜያዊ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ፈጀ። ይህን የነገረችኝ ገበያ ውስጥ አይብ የምትሸጠው እህቷ ናት። ስሰማ አላሳዘነችኝም። የእኔንም ሥራ ብዙ ቦታ መልሰውብኛል፤ ቁጭቴን ግን በልጆች ሥዕል ላይ አልተወጣሁም።

የእሷ አመል ይህ ነው። በልጁ ትከሻ በኩል መጥታ ትቆምና፣ «እስቲ ላፍታ፣ የኔ ልጅ» ብላ እርሳሱን ከእጁ ትወስድና ጆሮውን ራሷ ትስላለች። ጆሮ የሚባለው ነገር ለጀማሪ ከባድ ነው፣ ልጁም ተገላገልኩ ብሎ ይስቃል። በዓመቱ መካከል ይህ አጉል ልማድ ነው ቢባል ያልፋል። በፈተና ላይ ግን ወንጀል ነው። ፈተናው በሁለት ቀን የሚያልቅ የአሥር ሰዓት ሥራ ሲሆን ከተማሪው በቀር ማንም ሰው ወረቀቱን አይነካም። ሲያልቅ ተማሪውም መምህሩም «ሥራው በሙሉ የተማሪው ነው» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ዶሪን በየዓመቱ ነክታ በየዓመቱ ፈርማለች። እኔም እያየሁ በየዓመቱ ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም አልክድም።

ኬይሊ ሆልሮይድ የሁለታችንም ተማሪ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ተናካሽ ምላስ ያላት። ያሳደጋት አያቷ ኖርማን ነው። ኖርማን በወጣትነቱ ሱፍ ፋብሪካ ሲሠራ የማሽኑ ቺንጋ የግራ ጆሮውን ግማሽ ወስዶበታል። ኬይሊ ክረምቱን ሙሉ በግራ ጎኑ እያቆመች ፎቶ ስታነሳው ከረመች። ለፈተናው ከፎቶዎቹ እያየች በከሰል ልትስለው ወሰነች። ብራድፎርድ ያለው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሚቀበላት ይህን ፈተና ካለፈች ብቻ ነው።

የፈተናው ሁለተኛ ቀን ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኬይሊ የከሰል እጇን ልትታጠብ ወጣች። እኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የፎቶ ተማሪዎቼን እቆጣጠር ነበር። ተመልሳ ስትጮኽ ሰምቼ መጣሁ።

«ሚስ፣ አያቴን ማን ነካው?»

«አልነካሁትም፣ አስተካከልኩልሽ እንጂ» አለች ዶሪን፣ ጣቷን በመሐረብ እየጠረገች። «ጆሮውን ግማሽ ላይ ትተሽው ሄድሽ።»

«ግማሽ ነዋ!»

«እኮ፣ ፈታኙ አቃታት ብሎ ነጥብ እንዲቆርጥብሽ ነው?»

«ሚስ፣ የሰውየው ጆሮ ነው ግማሽ። ማሽን ነው የቆረጠው።»

ፎቶዎቹ ከሥዕሉ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ነበር። ስምንት ናቸው፣ በእያንዳንዱ ላይ ያ ጎደሎ ጆሮ አለ። ዶሪን ፎቶ አታይም፤ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ኬይሊ ላጲሷን አንስታ ወረቀቱ ላይ ስታጎነብስ ደወሉ ተደወለ።

«እጅሽን ከወረቀቱ አንሺ» አለቻት ዶሪን። «ሰዓት አልቋል። ከአሁን በኋላ መንካት ክልክል ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የጣሰችው ሕግ ዛሬ ለእሷ ጠበቃ ሆኖ ቆመ።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ በሩን ዘጋሁና፣ «ሄደሽ ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ» አልኳት።

«አርፈህ አዝራርህን ተጫን» አለችኝ።

ራሴ ልሄድ እችል ነበር። ከሄድኩ ግን የክፍሉ ሥራ በሙሉ ይመረመራል፤ ከሃያ ስድስቱ ልጆች መካከል በሥዕላቸው ላይ የእሷን ጆሮ የያዙት አሥራ አንድ ናቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ ሊሆን ነው። በንዴት ስንገላበጥ አደርኩ እንጂ አልሄድኩም።

በማግስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ የፊርማው ወረቀት ቀረበ። ሌሎቹ ፈርመው ወጡ፤ እኛ ሦስታችን ቀረን።

«አልፈርምም» አለች ኬይሊ።

«ካልፈረምሽ ዜሮ ነው። ኮሌጁም ቀረ» አለች ዶሪን።

«ወረቀቱ በሙሉ የኔ ነው ይላል። ውሸት ነው።»

«ከዚህ ክፍል ስንት ልጅ ፈርሞ እንደወጣ ታውቂያለሽ? አንዱም አላማረረም።»

«የነሱ አያት ጆሮ አለዋ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ዶሪን ዞራ ባየችኝ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ጥላቻ የትናንት አልነበረም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ጥርቅም ነው። የእኔም ዓይን ከእሷ አይሻልም ነበር።

ኬይሊ ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶውን አነሳች። «ሥራው በሙሉ የኔ ነው» ከሚለው ቀጥላ «ከግራው ጆሮ በስተቀር» ብላ ጻፈች። ፈረመችና ወረቀቱን ወደ ዶሪን ገፋችው። ከታች የመምህሩ ፊርማ ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። ዶሪን ብትፈርም ጥፋቷን በራሷ እጅ መሰከረች ማለት ነው። ባትፈርም የልጅቷ የአሥር ሰዓት ልፋት ገደል ይገባል። በጡረታ በክብር ሊሸኟት የቀራት ሁለት ወር ነበር።

«ደስ አለህ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት፣ እውነቴን ነበር።

ብድግ አለች። የምትወጣ መስሎኝ ነበር፤ ግድግዳው ጋ ሄዳ መነጽሯን አወለቀችና ፎቶዎቹን ተጠግታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ትኩስ ሻይ የሚቀዘቅዝበትን ያህል ጊዜ ወሰደባት። ተመልሳ ተቀመጠችና «ጆሮውን የሳልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ሙሉ ስሟን ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እያሳመረች አኖረች። የስንቱን ልጅ ሥዕል ጨርሳለች፤ በሥዕል ጉዳይ የራሷን ስም ስትጽፍ ያየኋት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

የፈተናው ድርጅት ሥዕሉን ከነጥብ ውጭ አደረገው። ኬይሊን ያተረፏት ፎቶዎቿና የንድፍ ደብተሯ ናቸው፤ ለጥቂት አለፈች። የሌሎቹም ሥራ ተመርምሮ ሁለት ልጆች ወደቁ። እናቶቻቸው ዶሪንን ገበያ መሀል በእህቷ አይብ ፊት ሰደቧት። ትምህርት ቤቱ በዚያው ሳምንት ቤትሽ ተቀመጪ አላት። ኬክም አልተቆረሰ፣ ንግግርም አልተደረገ። መቅረጫውን ከተቆለፈበት አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት፤ እንደጠበቅሁት ግን አላረካኝም።

ሰኔ ላይ የተማሪዎቹን ሥራ አዳራሹ ውስጥ ስናሳይ ዶሪን ሳትጠራ መጣች። ግራጫ ካፖርቷን እንደለበሰች በቀጥታ ወደ ኬይሊ ሥዕል ሄደች። ኖርማን እዚያው ቆሞ ነበር። ኬይሊ እንዳየቻት ፊቷን አዙራ ጥግ ያዘች።

«ጆሮውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለችው ዶሪን።

«ማን እንደሆንሽ አውቃለሁ» አላት ኖርማን፤ ዓይኑን ከሥዕሉ አላነሳም። «ስሚኝማ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሊያናግረኝ ሲመጣ በግራዬ በኩል አይቆምም። ሚስቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፎቶ ልንነሳ ስንል በቀኝ ታዞረኝ ነበር። አፍራ አይደለም፣ አዝና ነው። በዚህ በኩል ቁምልኝ፣ ልይህ ያለችኝ ይቺ ልጅ ብቻ ናት። አየችኝ፣ እንዳየችኝም ሳለችኝ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ደፈንሽው።»

ዶሪን ያን ሁሉ ቃል ስትሰማ የቆመችው በቀኙ በኩል ነበር።