ዶ/ር ይታይሽ እና የእናቴ አረቄ

አላመንኩም። ይህን እየጻፍኩም አላመንኩም።

ጠዋት ሞጣ፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ሦስቴ ጠራ። አብራኝ ማስተርስ የተማረች ጓደኛዬ ናት። "ዶክተር አረፉ" አለችኝ። "የትኛዋ ዶክተር?" አልኳት። በእኛ መካከል "ዶክተር" ሲባል ሌላ ሰው እንደሌለ እያወቅኩ።

እሳቸው ስልክ ላይ ደወልኩ። ታናሽ እህታቸው አነሱት። የለቅሶውን ድምፅ ስሰማ ዘጋሁት። መታመማቸውንም አላውቅም ነበር። ለካ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አልተናገሩም።

ለማታውቋቸው፦ ዶ/ር ይታይሽ የሞጣ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። አንድ የምርምር ቡድን ይመሩ ነበር። ሥራው ባጭሩ፣ የአገር ሰው ለመድኃኒትና ለእህል ማቆያ የሚጠቀምበትን ቅጠልና ሥር ወስዶ ውስጡ ያለውን ነገር አንድ በአንድ መለየት ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ነቀዝን የሚያባርረውን ነገር ለይተው አውጥተዋል። ጽሑፉ ውጭ አገር መጽሔት ላይ የወጣ ሰሞን ዶክተር መጀመሪያ የሄዱት ጉንደ ወይን ነው፤ ቅጠሉን ያሳዩዋቸው ገበሬ ቤት። ቁጭ ብለው ያገኙትን ሁሉ በአማርኛ አስረዷቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቡድኑን ይዘው ላብራቶሪ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ይዞሩ ነበር። እኔን ያገኙኝ እንዲያ ነው።

ቢቸና፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ አረቄ እያወጣች በመሸጥ ነው ያሳደገችኝ። ይህን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር። "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ስባል "ትነግዳለች" ብዬ አልፋለሁ። ዩኒፎርሜ እንዳይሸት ጎረቤት ነበር የምሰቅለው።

ያን ቅዳሜ የምንማረው ፈሳሽን በማፍላት መለየት ነበር። ይዘውት የመጡት የመስታወት ዕቃ ግን መንገድ ላይ ተሰብሯል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዶክተር ስብርባሪውን አዩና "በሉ፣ ለሳምንት። እዚህ ከተማ አረቄ የሚያወጣ ሰው አይጠፋም" አሉ።

በሳምንቱ ይዘው የመጡት እናቴን ነው። ማሰሮዋን፣ እንፋሎቱ የሚያልፍበትን መቃዋን፣ ድፍድፏን በባጃጅ ጭነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ምን ልል ነው?" አለች።

"እትዬ አንጓች፣ ዛሬ አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት። እኔም እማራለሁ" አሏትና ከተማሪ ጋር ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔ ከኋላ አንገቴን ደፍቻለሁ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እናቴ እንደማታውቀኝ ሆና ዓይኗን አሳለፈችው። ለእኔ ብላ ነው።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረች። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ገንፍሎ እንደሚያበላሽ፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ መቀየር እንዳለበት፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ለሰው እንደማትሰጥ። "ተራው አንዴ የወጣ ነው። ዳግም የሚባለው እንደገና ገብቶ የወጣው ነው። እኔ ተራውን ዳግም ብዬ ሸጬ አላውቅም" አለች። ዶክተር እየተነሱ ከእሷ ንግግር ጎን ሳይንሱ የሚለውን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ።

አንዱ ከመሀል "ደግሞ ከአረቄ ሻጭ እንማር?" አለ። ክፍሉ ሳቀ።

ዶክተር ዞሩ። እሳቸው ሳይናገሩ እኔ ተነሳሁ። "እናቴ ናት" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ሳቁ ቆመ። ዶክተር አላሞገሱኝም፣ አላባበሉኝም። "እንግዲያው ነይ፣ ውሃውን አንቺ ቀይሪላቸው" ብቻ አሉኝ። ሄጄ ቀየርኩ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት።

ከዓመታት በኋላ ለማስተርስ እሳቸው ቡድን ስገባ የእናቴ ቃል ላብራቶሪውን ወርሶት አገኘሁት። ማንም ውጤት ይዞ ሲመጣ ዶክተር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "ተራ ነው ዳግም?" ይላሉ። አንዴ ብቻ የተሠራ ከሆነ ወረቀቱን አያዩትም።

እኔም ደረሰብኝ። ከአንድ ሥር አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ቡድኑ ሁሉ ተደሰተ፤ የምርምር ስብሰባ ላይ እንዲቀርብም ተመዘገበ። ዶክተር ግን ሁሉንም በመስታወት ዕቃ ብቻ ድገሚው አሉኝ። ስደግመው የለም። ለካ "አዲሱ" ነገር ያስቀመጥኩበት የፕላስቲክ ጠርሙስ የለቀቀው ነው።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ደወሉ። "ስብሰባው አልተሰረዘም። ምን እንዳሳሳተን እናቀርባለን፤ ሌላው ሰው እንዳይሳሳት" አሉ። እኔ ሳቀርብ እሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ "የገዛሁት እኔ ነኝ" ብለው ተነሱ። እውነታቸውን ነው፣ የገዙት እሳቸው ነበሩ።

በመጨረሻ ከሥሩ ያገኘሁት፣ ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሆነ። በእሱው ተመረቅኩ። ዛሬ መምህር ነኝ።

ቀብራቸው ነገ እዚሁ ሞጣ ነው። እናቴ በጠዋቱ መኪና ከቢቸና ትመጣለች። ስነግራት "ልጅ ነበረች እኮ" አለች።

ዶክተር፣ ሰው ሲጠይቀኝ "ኬሚስትሪን ያስወደዱኝ እሳቸው ናቸው" እላለሁ። ትክክል አይደለም፤ ከዚያ በፊትም እወደው ነበር። ከእርስዎ ያገኘሁት ሌላ ነው፦ በእናቴ ማፈሬን ተውኩ። ይህን ፊት ለፊት ነግሬዎት አላውቅም። ይነገራል እያልኩ ዓመታት አለፉ።

አሁን ነገርኩዎት። ደህና ይረፉ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልዎት።