ቅንጭቡ አይነቀልም

ዛሬ ጠዋት የልጄ የይመር ዓይን ሊጠፋብኝ ነበር።

የቅንጭብ አጥራችንን ሲከረክም «ነፋሱን ወደ ጀርባህ አድርገው» ብዬ ብነግረው፣ «እሺ አባዬ» ይላል እንጂ አይሰማም። በገጀራ ሲመታው ነጩ ወተት ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ጀሪካን ሙሉ ውሃ አፍስሼ አጠብሁለት። ጤና ጣቢያም «ይድናል» አሉት፤ አልሐምዱሊላህ።

ሲመለስ ደግሞ «ይህን መርዝ ነቅለን ቆርቆሮ እናጥርልህ» አይለኝም!

በደርግ ጊዜ መንደር ምሥረታ ብለው እዚህ ሜዳ ላይ ሲያሰፍሩን፣ ያን ቅንጭብ የተከለችው እናቱ ናት። እስክትሞት የከረከመችውም እሷው። ፊቷን በሻሽ ሸፍና፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ፣ ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ። የቆረጠችውንም አታነደውም ነበር፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላላ።

«እሷማ ታውቅበት ነበር» አለኝ። ታዲያ አንተ ብታውቅበት ማን ከለከለህ?

ቆርቆሮ ይላል ደግሞ፣ በቆቦ ፀሐይ! ዶሮዎቼን ሊጠብስልኝ ነው።

አጥሩ አይነቀልም። ነገ የሷን ሻሽ ፊቴ ላይ አስሬ ራሴ እከረክመዋለሁ።

እናንተ ዘንድስ ቅንጭብ ያቃጠለው ሰው አለ? ምን አድርጋችሁ ዳነ? «ንቀለው» የምትሉ ግን ባትጽፉልኝ ይሻላል።