መካ የቀረው የእህቴ የክርስትና ስም

ባለፈው ወር መካ ገብቼ ወጣሁ። ክርስቲያን ሆኜ... ከእኛ ከጅዳ ልጆች ይህን የደፈረ ካለ እጁን ያውጣ።

እሺ... ገባሁ ስል፣ የመካ መንገድ ላይ ሹመይሲን አልፌ «ለሙስሊም ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ሥር ደርሻለሁ። ፖሊሱ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ተቀበለኝ፣ «መሲሂ»፣ ክርስቲያን የሚለው ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገና መለሰኝ። ቢሆንም በጣም ቀርቤ ነበር።

የሄድኩት እህቴን ልቀብር ነበር።

ታናሽ እህቴ አልማዝ መካ ውስጥ፣ ዛሂር ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ፓስፖርቷ ላይ ግን ዘይነባ ናት። ብዙ የእኛ ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ሥራው እንዲገኝ የሙስሊም ስም ይወጣላቸዋል። እኔ ወደ እሷ መግባት አልችል፣ እሷን አሠሪዋ ማዳም አታስወጣት... የምንገናኘው በስልክ ብቻ ነበር። ታመመች ሲሉኝ ከረምኩ፤ አንድ ጠዋት የቤቱ ሾፌር ደውሎ «አላህ ያጽናህ» አለኝ። እኔ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ስለማመጥ፣ እሷ ዘይነባ ተብላ ተቀበረች።

አገር ቤት ለንስሐ አባታችን ደወልኩ።

«አባ፣ አርባዋን አውጡልኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ። የክርስትና ስሟን ንገረኝ።»

«አልማዝ ናት አባ።»

«እሱማ የቤት ስሟ ነው። ለፍትሐት የምትጠራው በክርስትና ስሟ ነው።»

ማንን ልጠይቅ? እናታችን በሕይወት የለችም። የክርስትና እናቷም አርፈዋል። እኔ ክርስትና ስትነሳ ነበርኩ፤ ግን ዓይኔ ከድፎ ዳቦው ላይ አልተነሳም። የዳቦውን ጣዕም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፣ ስሟን ግን... የለም፣ ጠፋኝ።

የሰበረኝ ይሄ ነው። ከሞቷ በላይ። በሰው ስም ሠራች፣ በሰው ስም ተቀበረች፤ እግዚአብሔር ፊት የምትጠራበትን ስም ደግሞ እኔ ጣልኩት። ቀልድ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ጸሎት አለቀብኝ። «ጌታዬ፣ አንተ ታውቀዋለህ... ንገረኝ» ከማለት በቀር።

አርባዋ ሲቃረብ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«የአልሚ ወንድም ነህ?»

መካ ውስጥ አልማዝ ብሎ የሚያውቃት ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ከድጃ ትባላለች፣ የወሎ ሴት ናት፤ እዚያው ቤት አብራት ትሠራ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አብራት ታድር ነበር። ቁጥሬን የሰጣት ሾፌሩ ነው። ማዳም ልጆቿን ባሕር ልታሳይ ጅዳ ይዛቸው መጥታለች። «ቶሎ ድረስ፣ ብዙ አንቆይም» አለችኝ።

በረርኩ። ጥቁር ዓባያ ለብሳ፣ የልጆቹን ጫማ ይዛ ባሕሩ ዳር ቆማለች።

«አብሽር ወንድሜ። አደራ አለብኝ። ስትታመም ምን አለችኝ መሰለህ... ‹ወንድሜ ሆዱን እንጂ ስሜን አይዝም። ቄሱ ሲጠይቁት ይጠፋዋል። ወለተ ማርያም ናት በይው።›»

ሳቅ መጣብኝ፣ ሳልስቀው እንባ ሆነ።

«እንዳይጠፋኝ ከየሶላቱ በኋላ በልቤ እለው ነበር» አለች። «መርየም እኛም ዘንድ አለች፣ አልከበደኝም።»

«እዚያው መካ?»

«ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ሄጄ ሳይቀር። አላህ ኒያዬን ያውቃል።»

ከዚያ ከእጅጌዋ ውስጥ የእህቴን ማተብ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማዳም ከወዲያ «ያላ» ስትል ትታኝ ሄደች።

እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ለአባ ደወልኩ።

«ወለተ ማርያም» አልኳቸው።

«ወለተ ማርያም» አሉ እሳቸውም፣ ቀስ ብለው። አርባዋ በስሟ ወጣላት።

ወገኖቼ፣ ይህን ምስክርነት ያጻፍኩት ሰው የለም። ማታ ማታ ተምሬ፣ በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ፊደሉም ቆንጆ ነው። እግዚአብሔር እኔ በማልደርስበት አገር፣ ባልጠበቅኩት ሰው አፍ የእህቴን ስም አቆየልኝ። ክብሩን እሱ ይውሰድ።

ምስክርነት ላይ ውሸት ደግሞ አይሆንም... ማተቡን ታሪኩ ላይ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከድጃ እጅ ላይ ከልጆቹ ጫማ በቀር ምንም አልነበረም፤ ከእህቴ የምይዘው ነገር እንዳላገኘሁ መጻፍ ከብዶኝ ነው።