ከሰባት ቤት በላይ

ልጄ ልታገባው ያሰበችው ልጅ ቤተሰቦቹ ከካናዳ፣ ከኬቤክ ወደ አሜሪካዋ ሜይን ግዛት የወረዱ የፈረንሳይ ዘሮች ናቸው። ይህንን ለአጎቴ ልንገራቸው ብዬ ከልጄ ጋር እሳቸው ወዳሉበት፣ ከእኛ ብዙ ወደማይርቀው አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለ እሳቸው ምርቃት የተዳረ ልጅ በቤታችን የለም።

«ደግ ነው፤ ሰባት ቤቱን ይቁጠርልኝ» አሉ።

ልጄ ሳቀች። «አባባ፣ እኛ ከካናዳ ሰው ጋር እንዴት እንዛመዳለን?»

«ዝምድና ፍለጋ አይደለም። ከማን እንደመጣ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ልየው ብዬ ነው።»

እኔ ቤተሰቦቹ ይቀየሙናል ብዬ ሰጋሁ። ልጁ ግን ደስ አለው። ሜይን ላሉት አያቱ እየደወለ ይጠይቃል፤ የኬቤክን የድሮ አብያተ ክርስቲያናት የጥምቀት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ያገላብጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ለእራት በመጣ ቁጥር አንድ አዲስ ቅድመ አያት ይዞ ይመጣል፦ እንጨት ቆራጭ፣ ባለ ወፍጮ፣ የመንደር አዋላጅ። አንዳንዶቹ ሁለት የቤተሰብ ስም ስላላቸው ዱካቸው ይጠፋበታል፤ ሲያገኛቸው ደግሞ እንደ ሕፃን ይፈነድቃል።

አንድ እሑድ ግን እራቱን ሳይነካው ቀረ።

«ሰባቱን ጨርሼ ወደ ላይ ቀጠልኩ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ካናዳ በፈረንሳይ ንጉሥ ሥር እስከነበረችበት ዘመን ደረስኩ። እዚያ ያለው አያቴ ነጋዴ ነበር። ቤቱ ውስጥ አንዲት ጥቁር ልጅ ነበረች። ገዝቷት ነው።»

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። «ስንተኛው ነው?»

«ዘጠነኛው።»

«እንግዲያው ሰባተኛው ላይ አቁም። የተጠየቅከው ሰባት ነው።»

ልጄ «ማም!» ብላ ጮኸችብኝ። 

ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ በጠራ ቁጥር አጎቴ እንዳይሆኑ ብዬ ቶሎ አየው ነበር። አጎቴ ከሰሙ ምርቃታቸውን የሚነፍጉ፣ እኔም በእሳቸውና በልጄ መካከል የምቆም መሰለኝ።

ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ቤልትዌይ የሚሉት ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና በመኪና ተዘጋግቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ያናድደኛል፤ ያን ቀን ግን ምነው ባልደረስን አልኩ።

ልጁ ቆጠረ፣ ልጄ አስተረጎመች። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ አጎቴ ፈገግ ብለው «በቃ፣ አድርሰሃል» አሉት። እኔ ምግቡን ላቅርብ ብዬ ቶሎ ተነሣሁ።

«አልጨረስኩም» አለ ልጁ፣ በአማርኛ። ለዚያ ቀን ብሎ ያጠናት ቃል ነበረች።

ነገራቸው። ልጄ አንዲት ቃል ሳታስቀር አስተረጎመች። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ። እኔ ድስት እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

«ስሟ ማን ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ሲያጠምቋት ያወጡላት ስም ብቻ ነው ያለው። የእናቷና የአባቷ አልተጻፈም። በልጅነቷ ሞታለች።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «የእኛን ሰባት ቤት ስቆጥርልሽ አምስተኛው ላይ ምን እል ነበር?»

«ደግ ነበሩ፣ ቤታቸው ሰው የሞላበት ነበር ይሉኝ ነበር።»

«ሰው ያልኩሽ የተገዙ ባሮች ናቸው። አባቴ ይህ አይነገርም ብሎኝ ነው።»

 ልጄ ይህን ስታስተረጉምለት ልጁ አንገቱን ደፋ። አጎቴ ሁለቱንም አጠገባቸው አስቀምጠው መረቋቸው።

ስንመለስ ልጄ መኪናው ውስጥ «ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። ማመኗን እንጃ።

በመከር ተጋቡ። ከሠርጉ ወዲህ ልጄ ብቻዋን ወደ አጎቴ ቤት ትመላለሳለች። ስለ እነዚያ ሰዎች እንደምትጠይቃቸው አውቃለሁ። ምን እንደነገሯት ለመጠየቅ ግን እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።