ወደ ቀዝቃዛው ጥግ የተሰደዱ ጠረጴዛዎች

በእኛ ቢሮ ጠረጴዛ እግር አውጥቶ ይሄዳል ስል የሚስቅብኝ ሰው የጅቡቲን ሐምሌ አያውቅም። ካሉን ክሊሞች አንዱ (እዚህ ማቀዝቀዣውን የምንጠራው እንዲህ ነው) በሙቀቱ ወራት መተንፈስ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቢሮው በሙሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚሠራው ክሊም ይሰደዳል። እኔ የኮምፒውተሮቹን መስመር የምጠብቅ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮው ደግሞ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ወደቡ አፍንጫ ሥር ያለ የትራንዚት ቢሮ ነው።

የእኔ ጣጣ ጠረጴዛው ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ መሄዱ ነው። ገመዱን ይነቅሉና በአዲሱ ቦታ ግድግዳው ላይ ባገኙት ቀዳዳ ይሰኩታል። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ገመድ ሁሉ መጨረሻው ጓዳ ያስቀመጥነው ስዊች የሚባል ሣጥን ነው። የሣጥኑ ቀዳዳዎች ደግሞ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዱ ወደ ጉምሩክ ያስገባል፣ አንዳንዱ ለእንግዳ ብቻ የተተወ ነው። የትኛው የግድግዳ ቀዳዳ ከየትኛው የስዊች ቀዳዳ እንደሚገናኝ የሚነግሩት ምልክቶች ሙጫቸው በሙቀቱና በባሕሩ እርጥበት ለቆ ከረገፉ ቆይተዋል። ስለዚህ ገመድ ስጎትትና ስሳደብ እውል ነበር። መሳደቤን አልክድም፤ ደግነቱ በአማርኛ ስለሆነ የሚገባው ግማሹ ቢሮ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ኤልኤልዲፒ የሚባለውን ፕሮግራም በየኮምፒውተሩ ላይ ጫንኩና ተገላገልኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ለተሰካበት ስዊች በየግማሽ ደቂቃው “እኔ እገሌ ነኝ” ይለዋል። ስዊቹም ሰምቶ ይይዛል፤ ጎረቤቶችህ እነማን ናቸው ስለው በየትኛው ቀዳዳ ማን እንዳለ ይነግረኛል። ወሬው ከዚያ ከቅርብ ጎረቤት አያልፍም፣ በዚህስ ከእኛ ሰፈር ሰው ይሻላል። ጋቦዴ ሰፈር ባደግኩበት ግቢ በር ሲንኳኳ እናቴ “ማነው?” ትላለች፤ መልሱ ምንጊዜም “እኔ ነኝ!” ነው። ስሙን የሚናገር የለም። በድምፁ ካላወቅሽው ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። ስዊች ግን ድምፅ ስለማይለይ ስም መጥራት ግድ ይሆናል።

ለጭነት መኪኖች የመውጫ ወረቀት የሚያወጡት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ ሙቀት ግን እስከ ዛሬ ያልለመዱ። ኮምፒውተሮቹ ስማቸውን ይናገራሉ ስላቸው አማተቡ።

“ስሙን ከተናገረማ ጠበል ይወሰድ” አሉኝ።

ነገሩ ተሥቆበት አለፈ፣ እስከ አንድ ሐሙስ ድረስ። በዚያ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት ሹፌር ወረቀቱን ሊቀበል መጣ። ጭነቱን ጭኖ ጨርሷል። አዳማ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ገና ዓይኑን አላየውም፤ እሑድ አርባው ነው፣ ክርስትና ይነሳል። የሴት ልጁ ክርስትና ቀን ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፎ ስለዋለ ያ እንዳይደገምበት ፈርቷል። ሐሙስ ቢሮው እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፣ በማግሥቱ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜም እረፍት ስለሆነ እስከ እሑድ አይከፈትም። ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ በዚህች ከተማ ማኅተም የሚያነሳ እጅ አይገኝም።

ከጓዳ ስወጣ እትዬ ስክሪኑን እየደበደቡ አገኘኋቸው።

“ጉምሩኩ አልከፍት አለኝ። ልጄ፣ እንግዲህ እሑድ ጠዋት ብቅ በል።”

“እሑድማ አርባው ነው እኮ እትዬ” አለ ሹፌሩ።

ዞር ብዬ ሳይ ጠረጴዛቸው ትናንት የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

“ጠረጴዛውን እዚህ ማን አመጣው?” አልኩ።

ሹፌሩ ጭንቅላቱን አከከ። “እኔ ነኝ። ጠዋት ስገባ እትዬ ብቻቸውን ሲጎትቱ አየሁና ዝም ብዬ ላያቸው ነው? ተሸክሜ አመጣሁላቸው፣ ገመዱንም ሰካሁላቸው።”

አሳድገው የላኩት እናት አይውቀሱኝና፣ በዚያች ደቂቃ ጨዋነቱ አናደደኝ። በገዛ እጁ የገዛ ወረቀቱን ከጉምሩክ ነቅሎ የእንግዳ ቀዳዳ ላይ ሰክቶታል። ግን የትኛው ላይ? ድሮ ቢሆን እኩለ ቀን ገመድ እየጎተትኩ ይደርስብኝ ነበር። ጓዳ ገብቼ ስዊቹን ጎረቤቶቹን ጠየቅሁት። የእትዬን ኮምፒውተር የሰየምኩት “እትዬ” ብዬ ነው። ለእንግዳ ከተተዉት ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ እትዬ ነኝ፣ እትዬ ነኝ እያለ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። እንዲያ ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም። ያንን ቀዳዳ ወደ ጉምሩክ መስመር አዞርኩት።

“ከፈተ! ከፈተ!” አሉ እትዬ ከውጭ። “በቃ፣ ጠበሉ ይቅርለት!”

ወረቀቱ ታተመ፣ ማኅተሙም ተመታ። ሹፌሩ ስልክ ቁጥሬን ይዞ እየመረቀን ሊወጣ ሲል ከበሩ ላይ ተመለሰ።

“ጠረጴዛውን ወደ ቦታው ልመልስላችሁ?”

“እንዳትነካው!” አልን እኔና እትዬ በአንድ አፍ።

ሰኞ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። “ማነው?” አልኩ።

“እኔ ነኝ!” አለ። አወቅሁት።

“ደረስክ?”

“ቅዳሜ ማታ ገባሁ። ልጁን ስታቀፈው ጩኸቱን ለቀቀው፤ ድምፄን ከየት ያውቀዋል? ‘እኔ ነኝ፣ አባትህ ነኝ’ እያልኩ ስደጋግምለት አመሸሁ። እንቅልፍ እስኪወስደው አላቆምኩም።”

“ክርስትናውስ?”

“ትናንት ከውኃው ሲያወጡት የክርስትና አባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑን በልቅሶ አናጋው። ጠጋ ብዬ ‘እኔ ነኝ’ አልኩት። ልቅሶውን አቁሞ ወደ እኔ ዞረ።”