እናቴ የተሳለችው ዋና

የበረኪና ሽታ ሲመጣ አፍንጫቸውን የሚይዙ ሰዎች ይገርሙኛል። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከዋና የወጣችውን ልጄን እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ሳደርቅላት ያ ሽታ ድንገት ቢመጣብኝ፣ ፎጣውን እንደያዝኩ መኪና ማቆሚያው መሃል ቆሜ ቀረሁ፤ ወዲያው ዘጠኝ ዓመቴ ሆነና፣ የእማዬን እጅ ይዤ የማኅበሩን የመስታወት በር በትከሻዬ ስገፋ ታየኝ። ልጄ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ ጭንቅላትሽን ወዲህ አድርጊ» አልኳት፤ እንዲህ ያለውን ነገር መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሞ ለልጅ ማስረዳት የት ይቻላል!

«ማኅበሩ» የምንለው የወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው፤ ቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ጥቂት መማሪያ ክፍሎችና አንድ ትልቅ መዋኛ ገንዳ ያለው አሮጌ ሕንፃ። ያኔ ዊንቸስተር የሚባል ሰፈር ውስጥ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ስትሪፑ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳ ስለነበር፣ ከሺፍቷ ስትመለስ እጇ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም የእናት ሽታ ማለት እሱ ይመስለን ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሰመር ነው፤ የመኪና በር እጀታ ጣት በሚልጥበት ሙቀት፣ በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ። የአፓርታማችን ግቢ አንዲት ትንሽ ገንዳ ነበረችው፤ እኛ ግን አጥሯን አልፈን እንድንገባ አይፈቀድልንም ነበር፣ ምክንያቱም እማዬ መርካቶ ተወልዳ መርካቶ ያደገች ሴት ስለሆነች ከጠበል በቀር ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የደረሰ ውኃ አታውቅም ነበር። የዚያን ቀን እሷ ከመኪናው አስቤዛ ስታወርድ፣ እኔም ፌስታሉን ስቀበላት፣ የአምስት ዓመቱ ናሆም ክፍት ሆኖ ባገኘው በር ሾልኮ ገባና ኳሱን ከውኃው ላይ ላነሳ ብሎ ሲንጠራራ ወደቀ። እማዬ ሮጣ ደረሰች፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ እንቢ አላት። ልጇ እዚያው አጠገቧ ሲንፈራገጥ እሷ ሁለት ጉልበቷን ይዛ «ገብርኤል! ገብርኤል!» እያለች ትጮኻለች። ከታች ቤት የሚኖሩ አንዲት የሜክሲኮ አሮጊት ናቸው ከነሸበጣቸው ዘለው ገብተው በካናቴራው ጎትተው ያወጡት። ናሆም ውኃውን ተፍቶ እንደጨረሰ አይስክሬም ጠየቀ፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

እማዬ ግን እየጮኸች ተስላ ነበር። «ቂርቆስንና እናቱን ከፈላ ውኃ ያወጣህ ገብርኤል፣ ልጄን ብታወጣልኝ ሁለተኛ ቆሜ አላይም! የዛሬ ዓመት ራሴ ገብቼ፣ ዋኝቼ አሳይሃለሁ!» ብላለች፤ ጎረቤት ሰምቷል፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ጧፍ ይሳላል፣ ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፤ የእኔ እናት ዋና ተሳለች! በማግስቱ ሲበርድላት ነገሩ ከበዳትና ንስሐ አባቷን ከቅዳሴ በኋላ ጥግ ይዛ «አባቴ፣ በዋናው ፈንታ ጥላ ባስገባ አይሆንም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ፈገግ እንኳ ሳይሉ «ጥላ ነው የተሳልሽው? መግባት ነው። በይ ግቢ» አሏት። በዚያ ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየባነነች ናሆምን ስትዳስስ እሰማት ነበር። አንድ ቀን ለአባቴ «ልጄ ሲሰምጥ ቆሜ አየሁት እኮ» ስትለው ድምጿ ሌላ ሰው ሆኖብኝ ነበር። ከስለቱ ይልቅ ያቃጠላት እሱ እንደነበር ያኔ አልገባኝም፤ አሁን እናት ስሆን ገባኝ።

ወደ ማኅበሩ የወሰዱን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው በስደት መጥተው፣ የማኅበሩን ቧንቧና ማሞቂያ ይጠግኑ ነበር። የማኅበሩን ስም ሲነግሯት እማዬ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ «የማን ክርስቲያን?» አለች።

«የውኃ ክርስቲያን!» አሉና ሳቁ። «ኧረ አትፍሪ፣ ሃይማኖትሽን ማንም አይነካብሽም። እኔ ስንት ዓመት ኖሬበት ማተቤ ያው እዚሁ አንገቴ ላይ ነው።»

«እሺ፣ የወጣቶች ነው ይሉኛል፤ እኔ የሁለት ልጆች እናት እዚያ ምን ልሠራ ነው?»

«ታዲያ አርጅቻለሁ ልትዪኝ ነው?»

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ደግሞ ቀልድ አይተዉም!» አለች፤ ግን ደስ ብሏት ነበር።

ወደ ገንዳው የሚያስገባው ኮሪደር ግራ ግድግዳ በሙሉ ፎቶ ነበር፤ ጋሽ ደምሴም ታሪኩን ሳይነግሩን አንድም ቀን አሳልፈውን አያውቁም። መጀመሪያው ፎቶ ላይ ኮፍያ ያጠለቁ ወጣቶች አቧራ መሃል ከእንጨት ቤት ፊት ተኮልኩለዋል። «ያኔ ይሄ ከተማ ባቡር ቆሞ ውኃ የሚቀዳበት ጣቢያ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ከመጠጥ ቤት በቀር መዋያ ስላልነበራቸው አንዲት ክፍል ተከራይተው መጽሐፍ ቅዱስና ኳስ ጀመሩ» ይሉናል። ቀጥሎ አካፋ ይዘው ገንዳውን የሚቆፍሩ አባቶች አሉ፤ ቀጥሎ ጭንቅላታቸውን በጎማ ኮፍያ የሸፈኑ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች፤ ቀጥሎ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ውኃ ውስጥ። «ይቺን በደንብ እዩአት፤ ከዚያ በፊት የእኛን መልክ የያዘ ሰው እዚህ ውኃ ውስጥ እግሩን አያስገባም ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከዚያች ፎቶ ቀጥሎ ባዶ ሚስማር ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው የመቱት። «እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እዚህች ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእኔ በኋላም የእኛ ሰው ስንቱ ተምሯል፤ ግድግዳው ላይ ግን የለንም። ይሄ ሚስማር ባዶውን አይቀርም» ይሉ ነበር፣ አለቃቸው ሚስማሩን ንቀል ባላቸው ቁጥር።

የመጀመሪያው ትምህርት ፍልሰታ ላይ ዋለ። አስተማሪዋ ዶና ትባል ነበር፤ በወጣትነቷ ስትሪፑ ላይ ላባ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ የምትጨፍር፣ ያኔ ግን ሰባ ዓመት የሞላት ቀጥ ያለች ሴት። እማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ ዶና ልታስቆማት ፊሽካዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ጋሽ ደምሴ ሮጠው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏትና መልሳ አወረደችው። እማዬ ጠርዙ ላይ ቆማ አማተበች፣ ደረጃውን ይዛ ወረደች፣ ወገቧ ድረስ ሲደርስ «በስመ አብ» ብላ ከነጭንቅላቷ ጥልቅ አለች፤ «ወወልድ» ደገመች፤ «ወመንፈስ ቅዱስ» ሠለሰች። ከዚያም ፊቷን ጠርጋ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ «ጨረስኩ» አለች።

ዶና አፏን ከፍታ ቀረች። ሌላው ጀማሪ ፊቱን ውኃ ውስጥ ለማስገባት ሳምንታት ይፈጅበት ነበርና፣ በፍርሃት የምትንቀጠቀጥ ሴት ሳይነግሯት ሦስቴ ስትጠልቅ አይታ አታውቅም። ምን እንደሆነ ከመጠየቋ በፊት ግን እማዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጋሽ ደምሴ ደንግጠው «ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?» አሏት።

«ምን እበላለሁ፤ ጾም አይደል እንዴ? ውኃም ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመስኩም። በልቼ ጠበል ልግባ?»

«ጥሩወርቅ! ይሄ ጠበል አይደለም፣ ፑል ነው!»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እማዬ ቆነጠጠችኝ። ዶና ግን አልሳቀችም። ጋሽ ደምሴ ሁሉንም ሲያስረዷት ረጋ ብላ ሰማችና «የከበደውን ነገር ታውቂዋለሽ ማለት ነው። ቀላሉ ነው የቀረሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎልማሶቹን ክፍል ሁሉ፣ አንድ የፊሊፒን የካዚኖ ካርታ አዳይም፣ አንድ ጢማም ጡረተኛም ሳይቀር፣ በእማዬ አሠራር ሦስት ሦስቴ እያጠለቀች ትጀምር ጀመር፤ እማዬም ከዚያ ወዲህ በአጭር ቱታ፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ሙዝ አድርጋ ትመጣ ነበር።

«ቀላሉ» ግን አልቀለለም። መስከረም ገባ፣ ሙቀቱ በረድ አለ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የእማዬ እግር ከገንዳው ወለል አልላቀቅ አለ። ዶና ከጀርባዋ ደግፋ «ልቀቂ» ትላታለች፣ እማዬ «ለቀቅኩ» ትላለች፣ አውራ ጣቷን ግን ወለሉ ላይ ተክላዋለች። በእረፍቷ ቀን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ኦቨርታይም ሲሰጧት እንኳ እንቢ እያለች፣ አንድ ቀን ሳታጓድል ትሄድ ነበር። ጥምቀት ሲደርስ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነገሩን ሰምተው «ጥሩዬ፣ እስካሁን ስንት ዓሣ ያዝሽ?» እያሉ ይስቁባት ጀመር። እሷም እየሳቀች «ስይዝ እጠራችኋለሁ» ብላቸው መኪና ውስጥ ስንገባ አለቀሰች። ናሆም ከኋላ ወንበር «አታልቅሺ፣ እኔ ሁለተኛ አልወድቅም» አላት፤ ጭራሽ ባሰባት።

ስፕሪንግ ላይ፣ የዊንቸስተር ዛፎች አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ሲያብቡ፣ አንድ ማክሰኞ ከአግዳሚው ላይ የቤት ሥራዬን ስሠራ ጸጥታ ሰማሁ። ቀና ስል እማዬ በጀርባዋ ተንሳፍፋለች፤ የዶና እጆች አየር ላይ ናቸው። እማዬ ጣሪያውን እያየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቤዛ፣ የያዘኝ ሰው አለ?» አለችኝ። «ማንም የለም!» ብዬ ጮህኩ። ይሄን ስትሰማ ትወርዳለች ብዬ ነበር፤ አልወረደችም፤ ሳቀች።

ማኅበሩ በየዓመቱ የተመሠረተበትን ቀን በሐምሌ ያከብር ነበር። በዚያ በዓል ላይ ዓመቱን ሙሉ ዋና የተማሩ ጎልማሶች ስማቸው እየተጠራ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሻገራሉ። ያን ዓመት ቀኑ ቅዳሜ ዋለ፤ ለሐምሌ ገብርኤል ሁለት ቀን ቀርቶታል። እማዬ ከዚያ በፊት በጥልቁ በኩል ተሻግራ አታውቅም ነበር። ካልተሻገረች ስለቷ ሳይፈጸም ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አባቴ ታክሲውን አቁሞ መጣ፣ ዓሣ ስትጠይቅ የነበረችው የሴቶች ጉባኤ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣች፣ ናሆም ደግሞ ጥልቁ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት።

ስሟ ተጠራ። አማተበችና ገባች። ግማሹን እንደ ሸማኔ እጅ አፈራርቃ በሥርዓት ሄደች፤ ወለሉ የሚጠፋበት ጥቁር መስመር ላይ ስትደርስ ግን ቁልቁል አየች መሰለኝ፣ እጇ ተምታታ፣ እግሯ ወለል ፈለገ፣ ወለል የለም፤ ሰጠመች። ዶና ረጅሙን ዘንግ አነሳች። አባቴ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ፤ እሱም እኮ ዋና አይችልም! ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ከወዲያ ጥግ «በስመ አብ በይ፣ ጥሩወርቅ!» ብለው ጮኹ።

ብቅ አለች፤ አየር ሳበች፤ አውቃ ጠለቀች። ብቅ አለች፤ ደግማ ጠለቀች። ሴቶቹ ሁሉ አብረው «ወመንፈስ ቅዱስ!» ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣችና፣ ዶና ልትዘረጋላት የነበረውን ዘንግ በእጇ ገፋ አድርጋ፣ ቀሪውን ግማሽ እስከ ናሆም እግር ድረስ ዋኘች! ያ አዳራሽ እንደዚያ ያለ እልልታ ከተሠራ ጀምሮ ሰምቶ አያውቅም፤ ዋናተኞቹን የሚጠብቀው ላይፍጋርድ አደጋ መስሎት ፊሽካ ነፋ። እማዬ ጠርዙን ይዛ፣ እኛን ሁላችንን ረስታ፣ ናሆምን በእርጥብ እጇ አገጩን ያዘችና «ከእንግዲህ ብትወድቅ አለሁልህ» አለችው። እኔ እንደዚያ ቀን በእናቴ ኮርቼ አላውቅም።

ጋሽ ደምሴ ያነሷት ፎቶ በሰኞው ሚስማሩ ላይ ተሰቀለች። እውነቱን ለመናገር ፎቶዋ ደብዛዛ ናት፤ አንድ እጅ፣ አንድ ነጭ የጎማ ኮፍያና ብዙ የውኃ ፍንጣቂ ብቻ ነው የሚታየው። እሳቸው ግን ታሪኩን ለሚሰማቸው ሁሉ ከእንጨት ቤቱ ጀምረው እዚያች እጅ ላይ ይጨርሱ ነበር።

ዛሬ ጋሽ ደምሴም ዶናም የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ሰመርሊን ነው የምኖረው፤ የሰፈራችን ገንዳ በእግር ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄንና እማዬን ጭኜ ከተማውን አቋርጬ ወደዚያ አሮጌ ሕንፃ እነዳለሁ። ያኔ ታሪክ ሳንሰማ የማናልፈውን ኮሪደር አሁን ልጆቹ በእርጥብ እግራቸው ሮጠው ያልፉታል፤ ፎቶዎቹን የሚያይ የለም። ባለፈው ቅዳሜ ገና ሃያ ዓመት የሆነው አስተማሪ አዲሶቹን ልጆች ደረጃው ላይ ደርድሮ፣ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ፣ «ሦስት ጊዜ ጥልቅ፣ ከዚያ እንጀምራለን» አላቸው። ልጄ እጇን አውጥታ «ለምን ሦስት?» ብላ ጠየቀችው። አስተማሪው ትከሻውን ነቀነቀና «እኔ እንጃ፤ በዚህ ማኅበር ከጥንት ጀምሮ እንደዚህ ነው» አላት።

እማዬን ዞር ብዬ አየኋት። አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። አሥራ ሁለቱ ልጆች አንዴ ጠለቁ፣ ደገሙ፣ ሦስተኛውን ጨርሰው አየር እየሳቡ ብቅ ሲሉ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሜን» አለች።